የመጀመሪያ ደህና ሰንጢዬን ለመምረጥ ምክራችሁን እሻለሁ

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ ነዋሪነቴ ደሴ ሲሆን፣ ለፍራፍሬ መላጫና ለገመድ መቁረጫ የሚሆነኝ፣ መቆለፊያ የሌለውና ስለቱ በጀርባው ሞላ ግፊት ብቻ ተዘርግቶ የሚቆም የድሮ ዓይነት ሰንጢ በመጠነኛ ዋጋ ለመግዛት አስቤ ምርጫው ቸግሮኛል። ባለፈው ሰኞ ከባቲ ገበያ የገዛሁት ርካሽ ሰንጢ፣ ብርቱካን ስልጥ ሞላው ላልቶ ስለቱ በጣቴ ላይ ታጠፈብኝ፤ ከመክፈሌ በፊት ከፍቼ ባለመፈተሼ ግን ጥፋቱ የእኔም ነው።

የፈረንሳዩ ሰንጢ ሠሪ የኦፒኔል 8 ቁጥር ሰንጢ የእንጨት እጀታ ልቤን ቢወስደውም፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የተፈለሰፈው ተሽከርካሪ ቀለበት ስለቱን ስለሚቆልፈው ከምፈልገው ዓይነት ውጭ ነው። የስዊዘርላንዱ ሰንጢ ሠሪ የቪክቶሪኖክስ የማይዝግ ስለት ይሻለኛል ወይስ በቀላሉ የሚሳለው፣ ነገር ግን የብርቱካን ጭማቂ የሚያጠቁረው የካርቦን ብረት? የሞላውንስ ጥንካሬ ሳልገዛ በእጄ እንዴት ልለየው?