ዘግይቼ ነው የጀመርኩት፤ የጡረታ ቁጠባዬን ሁሉ አክሲዮን ላይ ላድርገው?

ሰላም ለሁላችሁ። 53 ዓመቴ ነው። ወደ ውጭ የወጣሁት አርባን ካለፍኩ በኋላ ስለሆነ የጡረታ ቁጠባ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ «ያለፈህን ለማካካስ ሁሉንም አክሲዮን ላይ አድርገው» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «ከ100 ላይ ዕድሜህን ቀንስ፤ የቀረው የአክሲዮን ድርሻህ ነው» አለኝ። በሱ ሂሳብ 47 በመቶ መሆኑ ነው። የቱን ልስማ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ሁለቱም ያልጠየቁህ ነገር አለ። ገንዘቡን ማውጣት የምትጀምረው መቼ ነው? በ67 ከሆነ 14 ዓመት አለህ፤ በ60 ከሆነ 7 ብቻ። እኔ ከዕድሜ ይልቅ የማየው እሱን ነው።

ኤስ ኤንድ ፒ 500 (500 ገደማ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚያሳየው መለኪያ) እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2007 እስከ ማርች 2009 ከግማሽ በላይ ወርዶ ወደ ነበረበት የተመለሰው በ2013 ነው። ያኔ 35 ዓመቱ የነበረ ሰው በየደሞዙ በርካሽ እየገዛ አለፈው። በዚያው ሰሞን ጡረታ የወጣው ግን ለኑሮው ሲል በወረደ ዋጋ መሸጥ ነበረበት፤ የተሸጠው ደግሞ ገበያው ሲያገግም አብሮ አይነሳም። በቁጥር ላሳይህ፦ 200 ሺህ 40 በመቶ ሲወርድ 120 ሺህ ይሆናል። ካልነካኸው ለመመለስ 67 በመቶ ገደማ ማደግ አለበት። 10 ሺህ ካወጣህበት 82 በመቶ ገደማ!

ስለዚህ መዘግየትን በድፍረት አታካክሰውም። የሚያካክሰው ብዙ መቆጠብ፣ ሲቻልም ሁለት ሦስት ዓመት ጨምሮ መሥራት ነው (አፍ ላይ ይቀላል፣ አውቃለሁ)። የ100ዋ ስሌትም ለእኔ ፍርሃት ይበዛባታል፤ ጡረታ 25 ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ ባንክ የተቀመጠን ገንዘብ ደግሞ የዋጋ ንረት ይበላዋል። ቦንድም (ለመንግሥት ወይም ለድርጅት በወለድ የምታበድረው ገንዘብ) አይወርድም ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ወለድ ሲጨምር ከአክሲዮን ጋር አብሮ ወርዷል።

እኔ 61 ነኝ። ከጡረታ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ 3 ዓመት ወጪ በአጭር ጊዜ ቦንድና በቁጠባ ሂሳብ እየለየሁ ነው፤ የቀረው አብዛኛው አክሲዮን ላይ ነው። መንግሥት የሚከፍልህ ጡረታ የቤት ኪራይህን የሚችል ከሆነ ከእኔ በላይ ልትደፍር ትችላለህ።

ጠያቂው፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤቴ በ9 ዓመት ታንሰኛለች። ሂሳቡን በእኔ ብቻ ልሥራው?

መልስ፦
ቁጠባው የሁለታችሁ ከሆነ በእሷም ሥራው እንጂ። ገንዘቡ ረጅም ዘመን የሚያስፈልጋት እሷን ነው።