የጋራ ዕቅድ ውይይት፦ የመንዝ በግ፣ የጉበት ትልና የአንቲቦዲው ምርጫ

ሰብሳቢው፦ እንደምን አመሻችሁ። ርዕሱ ላይ ተስማምተናል፤ የጉበት ትል የያዘው የመንዝ በግ ደምና ጉበት ውስጥ ፕሮቲኑ በኦክሲደቲቭ ስትረስ፣ ማለትም ሰውነት መቋቋም ባቃተው የኦክሲጅን ውጤቶች ጥቃት፣ ምን ያህል እንደተጎዳ እንለካለን። የቀረን የጉዳቱን ምልክት ለይቶ የሚይዝልን ፕሮቲን፣ የአንቲቦዲው፣ ግዢ ነው። የዕቅዱ ረቂቅ ላይ አራት ገብቷል፦ ፀረ ዲኤንፒ፣ ፀረ ናይትሮታይሮሲን፣ ፀረ ኤችኤንኢ እና ፀረ ኤምዲኤ። እያንዳንዱ አንድ የጉዳት ምልክት ይይዛል፤ ኤችኤንኢና ኤምዲኤ ስብ ሲበላሽ የሚወጡ ናቸው። ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

የእንስሳት ሐኪሙ ከመሐል ሜዳ፦ አራቱም ይግቡ ባይ ነኝ። ገንዘብ ሰጪ ሰፋ ያለ ነገር ይወዳል። ደግሞ ከውጭ ዕቃ ማስመጣት ያለውን ጣጣ ታውቁታላችሁ፤ አንዴ በሩ ከተከፈተ ሁሉንም ማስገባት ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ከደብረ ብርሃን፦ ዶክተር፣ ይቅርታዎን፤ ለእኔ ፀረ ዲኤንፒ ብቻውን ይበቃል። ፕሮቲን የሚሠራባቸው ላይሲን፣ አርጂኒን፣ ፕሮሊንና ትሪዮኒን ሲጠቁ ካርቦኒል የሚባል ኬሚካላዊ ቡድን ያወጣሉ። ካርቦኒሉ ላይ፣ ከእሱ ጋር በሚጣበቀው ዲኤንፒኤች በሚባል ኬሚካል፣ ዲኤንፒ የሚባል ምልክት እናደርግበታለን፤ አንቲቦዲው የሚይዘው ያንን ምልክት ነው። ስለዚህ ፕሮቲኑ የበግ ይሁን የሰው ለውጥ የለውም። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ማረጋገጫ ይፈልጋሉ። ናይትሮታይሮሲንን ብንወስድ፣ ናሙናውን ዳይታዮናይት በሚባል ናይትሮውን በሚያጠፋ ኬሚካል አክመን ምልክቱ ሲጠፋ ካላየን፣ ያየነው እውነተኛው ነገር መሆኑን በምን እናውቃለን? ያንን ሁሉ ለአራት መሥራት አቅማችን አይደለም።

ይልቅ የአቅራቢውን የዋጋ ዝርዝር ልብ በሉልኝ። ርካሹ ፀረ ዲኤንፒ ከፍየል የተሠራ ነው። እሱን ከገዛን፣ የመጀመሪያውን ይዞ ቀለም የሚሰጠን ሁለተኛው አንቲቦዲ ፀረ ፍየል ሊሆን ነው። ፍየልና በግ ደግሞ የአጎት ልጆች ናቸው፤ ፀረ ፍየሉ በሴረሙ፣ በደሙ ውኃ፣ ውስጥ የሞላውን አይጂጂ የሚባለውን የበጉን የራሱን አንቲቦዲ እየያዘ ፕሌቱን፣ የመለኪያ ሳህኑን፣ በሙሉ ያቀልመዋል። ጤነኛውም በሽተኛውም እኩል! ከጥንቸል የተሠራው ይገዛ፤ ሁለተኛውም ከበግ አይጂጂ ጋር እንዳይያያዝ የተጣራ ፀረ ጥንቸል ይሁን። ዋጋው ቢጨምርም እዚህ ላይ መቆጠብ ገንዘቡን ውኃ ውስጥ መጣል ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ እኅቴ፣ ቀለም የሚውጠውን ብርሃን የሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር እያለን አንቲቦዲ ለምን አስፈለገ? ዲኤንፒኤቹን 370 ናኖሜትር አካባቢ ማንበብ ይቻል የለ?

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ ለንጹሕ ፕላዝማ ይቻላል። ጉበት ግን ደም የጠጣ ሥጋ ነው፤ ለደም ቀይ መልኩን የሚሰጠው ሄም እዚያው አካባቢ ብርሃን ስለሚውጥ ንባቡን ያበላሽብናል። የሚፈልገው የፕሮቲን መጠንም ብዙ ነው። በኤላይዛ፣ አንቲቦዲውን በምንጠቀምበት ዘዴ፣ ፕሌቱ ስለሚታጠብ ቀለሙ ብዙ አያስቸግርም። ሆኖም ሄም ራሱ ቀለም እንደሚሰጠን ኢንዛይም፣ እንደ ፐርኦክሲዴዝ፣ መሥራት ስለሚችል የቀላ ሴረም ከመጀመሪያው አይወሰድ፤ ይህ ረቂቁ ላይ ይጻፍ። ዲኤንፒኤች ያልነካው የዚያው በግ ናሙናም ጎን ለጎን ይሂድ። እሱ ላይ ቀለም ከታየ ካርቦኒል አይደለም።

የቄራው ሥጋ መርማሪ፦ ስለ ጥንቸልና ፍየሉ እናንተ ታውቃላችሁ። ቀኑን ግን ማን አየው? ረቂቁ ናሙና መሰብሰቢያውን ከየካቲት እስከ መጋቢት ይላል። በሁዳዴ ቄራ መጥታችሁ የማንን በግ ጉበት ልትወስዱ ነው? ከመስቀል ማግሥት እስከ ኅዳር 14 አድርጉት፤ በ15 የነቢያት ጾም ይገባል። ረቡዕና ዓርብንም ከወዲሁ ቀንሱ። ሌላው፣ በጉ ከየት እንደመጣ ነጋዴው ይጠየቅ። ከደጋው የመጣውና ከቆላው የመጣው የሚይዛቸው ትል አንድ ላይሆን ይችላል፤ ደጋው ላይ ሄፓቲካ የሚባለው የጉበት ትል፣ ቆላው ላይ ጃይጋንቲካ የሚባለው ይበዛል። ጉበቱን ስሰነጥቅ የሐሞት ቱቦው ወፍሮ አገኘዋለሁ፤ ጫን ሲሉት ጠፍጣፋው ትል ከነሕይወቱ ይወጣል። ቆጥሬ እመዘግብላችኋለሁ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ላስቸግርዎ፦ ጉበቱ ውጭ በቆየ ቁጥር ፕሮቲኑ በራሱ ጊዜ ኦክሲዳይዝ ይሆናል። ቁራጩ እንደወጣ ወዲያው ካልቀዘቀዘ የምንለካው የትሉን ጉዳት ሳይሆን የእኛን መዘግየት ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ለዚያ ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ። ለከብት ማዳቀያ የኮርማ ዘር የሚይዙትን ልጆች አነጋግሬ አንድ ዕቃ እዋሳለሁ። ስለ አንቲቦዲውም እሺ፣ ተረታሁ። ኤችኤንኢውን ግን ለሁለተኛው ዓመት አቆዩልኝ። ካርቦኒል መጎዳቱን ይነግረናል እንጂ ጉዳቱ በስብ መበላሸት በኩል መምጣቱን ለይቶ አይነግረንም። እኔ ማወቅ የምፈልገው እሱን ነው።

ሰብሳቢው፦ ይቆያል። እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ይታረም፦ አንድ የጥንቸል ፀረ ዲኤንፒ፣ አንድ የተጣራ ሁለተኛ አንቲቦዲ፣ ዲኤንፒኤች፣ የኤላይዛ ፕሌቶች። ማነጻጸሪያውስ፣ ኮንትሮሉ?

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን እንገዛለን። ከፊሉን በሃይፖክሎረስ አሲድ እናበላሸዋለን፣ ከፊሉን በቦሮሃይድራይድ ካርቦኒሉን እናጠፋለን፤ ሁለቱን እያቀላቀልን መለኪያ መስመር እንሠራለን። በረኪናም ያው ሃይፖክሎራይት ነው፣ ግን የሱቁን እንዳታመጡብኝ፤ ጥንካሬው አይታወቅም። አንቲቦዲው እንደደረሰ በትናንሽ ቲዩብ ተከፋፍሎ ፍሪዘር ይግባ፤ እየቀለጠ እየቀዘቀዘ አይኖርም። ማጠቢያው ውስጥ ሶዲየም አዛይድ የሚባል እንዳይገባ፤ ቀለም የሚሰጠንን ኢንዛይም ያሽመደምደዋል። ዲኤንፒኤቹም እርጥበቱን እንደያዘ ይቀመጥ፤ ከደረቀ ይፈነዳል።

ከሸዋ ሮቢት፦ መብራት ሲጠፋስ?

ሰብሳቢው፦ ጄኔሬተር ያለው ፍሪዘር ካላቸው ሰዎች ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ደብዳቤ ብቻ ጻፉልን ብለዋል። ደብዳቤውን ጸሐፊያችን ነገ ታዘጋጃለች።

የቄራው ሥጋ መርማሪ፦ ዕቃው ቦሌ ሲደርስ ማን ያነሳዋል? ቅዳሜና እሑድ ጉምሩክ ላይ ከዋለ እኮ በረዶው ይቀልጣል።

ሰብሳቢው፦ ሰኞ ወይም ማክሰኞ እንዲገባ ተብሎ ይታዘዝ። የሚያነሳው ሰው ስም ግን እስካሁን የለኝም። አዲስ አበባ የሚመላለስ ካለ እጁን ያውጣ።