ብቆይስ? ስለ ቀዶ ሕክምና የታካሚ መጽሐፍ የጋራ ዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ዕቅድ የምንቋጭበት ጊዜ ደርሷልና ውይይቱን ልክፈት። ሐሳቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቀዶ ሕክምና ለታዘዘለት ሰውና ለአስታማሚው የምትሆን፣ ከ40 ገጽ የማትበልጥ አነስተኛ መጽሐፍ። በረቂቁ ሰባት ሕመሞች ተይዘዋል፦ ትርፍ አንጀት፣ የብሽሽት ሄርኒያ (አንጀት በደከመ የሆድ ግድግዳ በኩል ወጥቶ ሲያብጥ)፣ የሐሞት ጠጠር፣ የዓይን ሞራ፣ እንቅርት፣ ኪንታሮትና የፕሮስቴት (የወንዶችን የሽንት ቱቦ የሚከብ ዕጢ) ማበጥ። ለእያንዳንዳቸው 5 ገጽ መድቤያለሁ፤ የተረፉት 5 ገጾች ለመግቢያና ለማውጫ። የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ነገር ሳይሸራረፍ ሲካፈል ደስ ይለኛል። ተቃውሞ ያለው አሁን ይናገር፤ ከታተመ በኋላ አልሰማም።

የቀዶ ሐኪሙ፦
አከፋፈሉ ለሒሳቡ ተመችቷል፣ ለሕመሞቹ ግን አልተመቸም። ኪንታሮት ይዞት ከሚመጣው ሰው አብዛኛው ቢላዋ አያስፈልገውም። የሆድ ድርቀቱ ሲስተካከል ይሻለዋል፤ ካልተሻለውም እብጠቱ ሥር ትንሽ የጎማ ቀለበት ይታሰርበታል፣ ደም ሲቋረጥበት ከቀናት በኋላ ደርቆ ይወድቃል። ይህን ለመናገር አንድ ገጽ ይበቃል። እንቅርት ግን ሌላ ነው። ከሚያብጠው የአንገት ዕጢ ጀርባ ድምፃችንን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ያልፋል፤ አጠገቡም የስንዴ ቅንጣት የሚያህሉ፣ የደማችንን ካልሲየም የሚቆጣጠሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት የሆኑ ሌሎች ዕጢዎች አሉ። ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በእንቅርት ዕጢ ላይ ለሠራው ሥራ ነበር፤ ይህን ያህል አስቸጋሪ ቦታ ነው። ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በከንፈሩ ዙሪያና በጣቶቹ ጫፍ ላይ የመደንዘዝ ወይም የመንዘር ስሜት ከመጣበት ካልሲየሙ ወርዶ ሊሆን እንደሚችልና ሳይውል ሳያድር መመለስ እንዳለበት ማወቅ አለበት። ይህ ምልክት አንዳንድ ጊዜ ቤት ከተገባ በኋላ ነው የሚጀምረው።

ጡረተኛው መምህር፦
ዶክተር፣ ስለ ነርቩ የተናገሩት መልካም ነው። ነገር ግን ሁሉም ነገር ከእርስዎ ወንበር የታየ ነው። እኔ ሄርኒያዬን 9 ዓመት በቀበቶ ደግፌ የኖርኩ ሰው ነኝ። በእነዚያ ዓመታት ቀዶ ሕክምናው እንዴት እንደሚሠራ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ ብቆይስ? ስቆም ይወርዳል፣ ስተኛ ይገባል፤ “ከባሰብኝ እሄዳለሁ” እያልኩ ከረምኩ። መባሱ ምን እንደሚመስል የነገረኝ ግን አልነበረም።

በመጨረሻ የሄድኩ ዕለት “ይፈርሙ” ተባልኩ። ብዕሩ ተሰጠኝ፤ መነጽሬ ከልብሴ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። መስመሩ ይህ ይሆናል ባልኩት ቦታ ፈረምኩ። በምን ነገር ላይ እንደፈረምኩ እስከ ዛሬ አላነበብኩትም። ስለዚህ መጽሐፏ በአካል ክፍል ከምትከፈል “ብቆይስ?” በሚለው ጥያቄ ብትከፈል እመርጣለሁ።

የቀዶ ሐኪሙ፦
ጋሼ፣ አሳመኑኝ። እንግዲያው ሦስት ክፍል ይኑራት። የመጀመሪያው ለነገ የማይባለው ነው፤ ትርፍ አንጀትና የታነቀ ሄርኒያ፣ ማለትም የወጣው አንጀት ተይዞ ደም ሲቋረጥበት። በረቂቁ ያልነበረው የዘር ፍሬ መጠምዘዝም እዚህ ይግባ። የታመመው ልጅ አፍሮ እስኪነጋ ዝም ሲል ሕመሙ ከጀመረ 6 ሰዓት ያልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬውን የማዳን ዕድል በፍጥነት እየጠበበ ይሄዳል። ሁለተኛው ቀጠሮ ተይዞለት የሚሠራ፣ ግን የማይዘነጋው ነው፤ ሕመሙ የሚመላለስ የሐሞት ጠጠር፣ መተንፈሻን የሚጫን እንቅርት። ሦስተኛው ኑሮን ሲያውክ ታካሚው ራሱ የሚወስንበት፤ የዓይን ሞራ፣ አብዛኛው የፕሮስቴት ማበጥ፣ ኪንታሮት።

ጋሼ ለጠየቁት መልሱ እንደ ሰውየው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት የብሽሽት ሄርኒያ ኖሮባቸው እምብዛም የማያማቸውን ወንዶች ተከታትሎ ነበር፤ በድንገት የታነቀባቸው በዓመት ከ1000 ሰው ሁለት እንኳ አልሞሉም። እንግዲህ ከሐኪም ጋር ተማክሮ መቆየት እንደ ስንፍና አይቆጠርም። ነገር ግን እብጠቱ ከጠጠረ፣ ተኝተውም ካልተመለሰ፣ ሕመምና ማስመለስ ከተከተለ በዚያው ቀን መሄድ ግድ ነው። አንድ ነገር ደግሞ በደማቅ ይጻፍ፦ ከብሽሽት እጥፋት በታች የሚወጣውና በሴቶች ላይ የሚበዛው ዓይነት ቶሎ ስለሚታነቅ “ይቆይ” አይባልም።

እናቷን ያስታመመች አባል፦
ከክፍሎቹ በፊት ስለ ስሞቹ አንድ ገጽ ስጡኝ። እናቴ “ሞራ ገፈፋ” ሲባል ዓይኗ ላይ የበቀለ ስስ ቆዳ የሚላጥ መስሏት፣ በራሱ እስኪለቅ ስትጠብቅ ቆየች። ያሳታት ስሙ ነው። የሚደፈርሰው ዓይናችን ውስጥ፣ ከብሌኑ ኋላ ያለው ሌንስ ነው። ሐኪሙ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ገብቶ ያንን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካበታል። እናቴ በጠብታ ማደንዘዣ፣ ነቅታ፣ መብራቱን እያየች ነው የተሠራላት። ሌንሱን ለመጀመሪያ ጊዜ የተከለው እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረባቸውን አብራሪዎች ሲያይ፣ ዓይን ያንን ፕላስቲክ እንደማይቆጣው አስተውሎ ነበር። ይህን ስነግራት እናቴ ከሐኪሙ ማብራሪያ ይልቅ በእርሱ ተጽናናች።

“ትርፍ አንጀት”ም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው “ትርፍ አንጀት አለብኝ” ይላል፤ ሁላችንም እኮ አለን፣ ችግሩ ሲቆጣ ነው። “ኪንታሮት” ደግሞ እጅ ላይ ለሚወጣውም ለመቀመጫውም አንድ ስም ሆኖ ስንቱን አደናግሯል።

የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፦
የስሞቹን ገጽ እደግፋለሁ። እኔ የምጨምረው ማንም የማይነግራቸውን ነው። የሐሞት ከረጢታቸው በትንንሽ ቀዳዳዎች በላፓሮስኮፒ የወጣላቸው ሰዎች በማግስቱ ትከሻቸውን ይዘው “ልቤ ነው?” ይሉኛል። ሆዳቸው እንዲነፋ የገባው ጋዝ ድያፍራም የሚባለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ቆጥቁጦት፣ ሕመሙ ትከሻ ላይ የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። የደረት መጨነቅና የትንፋሽ ማጠር ካለበት ግን ወዲያውኑ ይነገረን። “ጠጠሩን አውጡና ከረጢቱን ተዉልኝ” የሚሉም አሉ። ከረጢቱ ከቀረ ጠጠሩ ተመልሶ ይሠራል፤ ሐሞትን የሚያመነጨው ጉበት ስለሆነ ያለ ከረጢቱ መኖር ይቻላል።

ሌላው፣ ስም ደጋግመን ስንጠይቅ የሚቆጡን አሉ። “ስሜን አራት ሰው ጠየቀኝ፣ እርስ በርስ አትነጋገሩም ወይ?” ያሉኝን አባት አልረሳቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥቦች አሉት፤ ከማደንዘዣው በፊት፣ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት፣ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች ተሞክሮ፣ በማግስቱ ዓመት በወጣው ውጤት የሟቾች ቁጥር ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ታካሚው ይህን ካወቀ ስሙ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው የሚቆጣው።

ጾሙንም እንዳትረሱ፤ “ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም ነገር አይቀመስ” ተብሎ ይጻፍ።

የማደንዘዣ ባለሙያው፦
ሲስተር፣ በዚህኛው አልስማማም። ሰው ራሱን ሲስት ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ነው ጾሙ። ነገር ግን ለጤነኛ አዋቂ መመሪያው ከማደንዘዣው በፊት ለቀላል ምግብ የ6 ሰዓት፣ ለንጹሕ ውኃ የ2 ሰዓት ጾም ነው፤ ለቅባትና ለሥጋ ይረዝማል። ከቀትር በኋላ ተረኛ የሆነን አዛውንት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ማስጠማት ራስ ምታትና ድካም እንጂ ጥቅም የለውም።

የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፦
መመሪያውን አውቀዋለሁ። የማውቀው ሌላም ነገር አለ፤ “ንጹሕ ውኃ” ሲባል ወተት የጠጣ፣ “ቀላል ምግብ” ሲባል ሙሉ ሳህን የበላ ታካሚ በሩ ላይ መልሻለሁ። ተራው ወደ ፊት ሲሳብስ? ውኃ የጠጣውን ማን ይጠብቀዋል?

የማደንዘዣ ባለሙያው፦
እንደዚያ ከሆነ ሁለቱንም ቁጥሮች እንጻፍ፤ ከሥራቸው ባዶ መስመር ይተውና ሐኪም ቤቱ የእያንዳንዱን ሰው ሰዓት በእጁ ይሙላው። ወተት ከምግብ እንደሚቆጠርም ይጻፍ። ደም የሚያቀጥን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም፣ እንዳይቀጥልም፣ አስቀድሞ እንዲጠይቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር።

የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፦
ባዶ መስመሩን እቀበላለሁ። መስመሩ ሳይሞላ መጽሐፏ አትሰጥ።

ጡረተኛው መምህር፦
ዶክተር፣ ትርፍ አንጀት ያለ ቀዶ ሕክምና በመድኃኒት ይድናል ሲባል ሰማሁ። ይገባል ወይስ ይደበቃል?

የቀዶ ሐኪሙ፦
እውነቱን ለመናገር ባይገባ እመርጥ ነበር። በአንቲባዮቲክ ብቻ የተሞከረበት ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቷል፤ በ90 ቀን ውስጥ ከ10 ሰዎች 3 ያህሉ ወደ ቀዶ ሕክምናው ተመልሰዋል፤ ትርፍ አንጀታቸው ውስጥ የደረቀ ጠጠር የተገኘባቸው ደግሞ የበለጠ። ምርጫው ምርመራ ተደርጎላቸው ላልተወሳሰበባቸው ሰዎች ነው፤ እሱም በሐኪም ዓይን ሥር። የምፈራው እምብርቱ አካባቢ የጀመረው ሕመም ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ሲወርድ እያየ ቤቱ የተረፈ ክኒን የሚውጥ ሰው ነው።

እናቷን ያስታመመች አባል፦
ካልጻፍነው ከሌላ ቦታ ያለ ማስጠንቀቂያው ያነበዋል። እርስዎ አሁን የተናገሩት ራሱ ይጻፍ፣ ክኒኑም ጭምር።

የቀዶ ሐኪሙ፦
ይሁን። አንድ አንቀጽ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተስማማንበትን ለጉባኤው እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ፦ “ማኅበሩ ‘ብቆይስ?’ በሚል ርዕስ ለታካሚና ለአስታማሚ የሚሰጥ መጽሐፍ እንዲያሳትም እናቀርባለን። መጽሐፉ ስለ ስሞች በሚያስረዳ ገጽ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ሕመሞቹ ለነገ የማይባል፣ በቀጠሮ የሚሠራ፣ ታካሚው የሚወስነው ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። በእያንዳንዱ ሥር የማያስቆዩ ምልክቶች በደማቅ ይጻፋሉ። ስለ ጾም፣ ስለ ማረጋገጫ ዝርዝሩና ቤት ከተገባ በኋላ ስለሚመጣው አንድ የጋራ ክፍል ይኖራል። ለታካሚው የሚደርሰው ፈቃዱን ከመፈረሙ ቢያንስ አንድ ቀን አስቀድሞ ነው።” የእንቅርቱን ክፍል ዶክተር፣ የስሞቹን ገጽ እናቷን ያስታመመችው አባላችን ይጻፉ። የፊደሉን መጠን 12 ብዬዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
16 ይሁን። መነጽሩ ከልብሱ ጋር ለተቆለፈበት ሰው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ በ16 ፊደል እኮ 40 ገጽ አይበቃም።

ጡረተኛው መምህር፦
የሒሳብ ሰው ነህ፤ ደግመህ አካፍለው።