የሙያ ፈቃዳችን በምን ይታደስ? በሥልጠና ሰዓት ወይስ በታየ ሥራ?

አወያይ፦
ለዚህ ሳምንት የቀረበልን ጥያቄ አንድ ነው። የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ከሚሞሉት የሥልጠና ሰዓት ግማሹ ቀርቶ በምትኩ ሥራቸው ይታይ የሚል ሐሳብ ከአባሎቻችን መጥቷል። ይታይ ማለት ከተገልጋይ ጋር ያደረጉት ውይይት ተቀድቶ፣ ወይም በማስመሰል ልምምድ ተፈትሾ፣ ልምድ ያለው ሰው አስተያየት ይስጥበት ማለት ነው። የምትጠቅሷቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ። የተገልጋይን ማንነት የሚጠቁም ነገር ካየሁ ጽሑፉን አነሳዋለሁ። ጀምሩ።

አሮጌ ወንበር፦
ሃያ ሁለት ዓመት ሰው አዳምጫለሁ። ሥልጠናውንም ቅጂውንም አልደግፍም። የእኛ ሥራ የሚጀምረው በሩ ሲዘጋ ነው። ሦስተኛ ጆሮ የገባበት ክፍል ያው ክፍል አይደለም፤ ተገልጋዩ ለመቅጃው ይናገራል፣ ባለሙያውም ለመቅጃው ይመልሳል። እኔን ያስተማረኝ ልምድ ነው፤ ልምድ ደግሞ የምስክር ወረቀት አይሰጥም። ሙያ በልብ ነው።

ጆሮ ያለው፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «ሙያ በልብ» የተባለው የሚሠራ ሰው ጉራ እንዳይነዛ ነው እንጂ ሥራው እንዳይታይ አይደለም።

ልምድ ያስተምራል ላሉት፣ በ2016 የወጣ አንድ ጥናት ላስታውስዎ። 170 የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያዎችንና ከ6,500 በላይ ታካሚዎቻቸውን በዓመታት ውስጥ ተከታትሏል። ባለሙያዎቹ ልምድ እየጨመሩ ሲሄዱ የታካሚዎቻቸው ውጤት በአማካይ አልተሻለም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ወርዷል። ከዚያ ቀደም በ2012 ደግሞ 129 ባለሙያዎች ራሳቸውን ከሙያ አጋሮቻቸው ጋር እንዲያወዳድሩ ተጠይቀው ነበር። በአማካይ «ከመቶው ሰማንያውን እበልጣለሁ» አሉ። ከመካከለኛው በታች ነኝ ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። የአይጥ ምስክር ድንቢጥ ይባላል፤ እዚህ ግን ድንቢጧም አልተጠራችም፣ አይጧ ራሷ መሰከረች።

አሮጌ ወንበር፦
ጥናቱን እኔም አንብቤዋለሁ። ቅናሹ ኢምንት ነው። በዚያው ጥናት ውስጥ ከዓመት ዓመት የተሻሻሉ ባለሙያዎችም ነበሩ፤ እነሱን ለምን ዘለልካቸው?

ጆሮ ያለው፦
አልዘለልኳቸውም። እርስዎ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ በምን አወቁ ነው የምለው።

መዝገብ ያዥ፦
እኔ ሥልጠና ሳዘጋጅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ንስሐ ከሆነም ይሁን። ፊርማው ጠዋት ይሰበሰባል። ከምሳ በኋላ ወንበሮቹን ስቆጥር የፈረመው ሰው እኩሌታ እንኳ የለም። የቀሩት ከጠረጴዛ በታች ስልካቸውን ያያሉ፣ አንዱ ከኋላ ተኝቷል። እኔ ራሴ ነኝ የምስክር ወረቀቱን በስማቸው አትሜ የማከፋፍለው፣ ለተኛውም ጭምር። በመጨረሻ የሚሞላውን መጠይቅ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ «ሥልጠናው ምን ያህል አረካዎት?» ይላል። አዳራሹ ቀዝቅዞ ከነበረ ነጥቡ ይወርዳል። ስለ ሥራቸው የሚጠይቅ አንድም መስመር አልነበረበትም። ለዓመታት ሪፖርቴን የጻፍኩት ከዚያ መጠይቅ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦
ሁላችሁም አማካሪዎች ትመስላላችሁ። እኔ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፣ የተኝቶ ሕክምና ክፍል ነው የምሠራው። ስለምትንቁት የሥልጠና ሰዓት ሁለት ነገር ልበል።

ፊተኛው፦ ሰዓቱ ግዴታ ከመሆኑ በፊት ልማር ብዬ በጠየቅኩ ቁጥር «ሥራ በዝቷል» ነበር መልሱ። ግዴታ ሲሆን ግን ያው አለቃ ያለ ክርክር ፈረመልኝ፤ እኔ ፈቃዴን ካጣሁ ተረኛ ያጣል። እናንተ ለታይታ የምትሉት ሰዓት ለእኔ በዓመት ውስጥ ከዚያ ክፍል በክብር የምወጣበት ብቸኛ በር ነው። ግማሹን ስትቀንሱ በሩን በግማሽ ትዘጋላችሁ።

ሁለተኛው፦ ሁሉም ነገር የአነጋገር ጥበብ አይደለም። ሊቲየም የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን በየጊዜው መለካት እንዳለበት፣ ኩላሊቱና የእንቅርት ዕጢው እንደሚታዩ፣ ክሎዛፒን የተባለውን መድኃኒት የጀመረ ሰው ነጭ የደም ሴሉ ሳይቆጠር መቀጠል እንደሌለበት፣ ይህን ማንም ድምፄን በመስማት አያስተምረኝም። ተቀምጬ ነው የምማረው። መመሪያ ሲቀየርም ተቀምጬ ነው የምሰማው።

ጆሮ ያለው፦
እህቴ፣ ሁለተኛውን ተቀብያለሁ። የሚታወቅ ነገር በአዳራሽ ይሰጣል። የሚሠራ ነገር ግን በአዳራሽ አይገኝም፤ የእኔ ጠብ ሁለቱን አንድ ላይ ከሚቆጥረው መዝገብ ጋር ነው።

በሱስ ማገገሚያ ነው የምሠራው፤ የምንጠቀምበት ዘዴ ተገልጋዩ የለውጥን ምክንያት በራሱ አንደበት እንዲያወጣ መርዳት ነው። የዘዴው መሥራች ዊልያም ሚለር በ2004 ከባልደረቦቹ ጋር 140 ፈቃድ ያላቸው የሱስ ሕክምና ባለሙያዎችን በቡድን ከፍሎ ፈተነ። አንዱ ቡድን ዐውደ ጥናት ብቻ፣ ሌሎች ሦስት ቡድኖች ከዐውደ ጥናቱ በኋላ በተቀዳ ሥራቸው ላይ አስተያየት ወይም በስልክ የግል ምክር ወይም ሁለቱንም አገኙ። ዐውደ ጥናቱ ብቻውን የጠቀመው ነገር ነበር፣ አልክድም። የበለጠ የቻሉት ግን ከዚያ በኋላ የተከታተላቸው ሰው የነበራቸው ናቸው። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ግኝት ነው፦ ባለሙያዎቹ ስለ ችሎታቸው የተናገሩትና በሥራቸው ላይ የታየው ችሎታ አልተገናኙም።

ለምን እንደደነገጥኩ ልንገራችሁ፤ የሰውየውን ቃል ለውጬዋለሁ። ስድስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ የመጀመሪያ ቅጂዬን ከአንዲት ታላቅ ባልደረባዬ ጋር ሰማሁ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ሰውየው «ባለፈው ሳምንት እንኳ ልተወው አስቤ ነበር...» ብሎ ዝም አለ። ስድስት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ዓረፍተ ነገር ያ ነው። እኔ ምን አደረግኩ? ሦስት ሰከንድ እንኳ ሳልታገሥ ስለ ጉበት ማስረዳት ጀመርኩ። ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ቀረ። ባልደረባዬ ቅጂውን አቁማ «እዚህ ጋ ምን ሰማህ?» አለችኝ። «ማስረዳቴን» አልኳት። መልሳ አጫወተችው። በሦስተኛው ጊዜ ነው ሰውየውን የሰማሁት።

አሮጌ ወንበር፦
ጥሩ ባልደረባ ነበረችህ። ይህ ሕግ አይደለም፣ ዕድል ነው።

ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ማይክል ባሊንት በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ሐኪሞችን በክብ አስቀምጦ የከበዳቸውን ታካሚ ያለ ማስታወሻ፣ ከልባቸው እንዲያወሩ ያደርግ ነበር። ባልደረቦች ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ። መቅጃ የለ፣ ነጥብ የለ። እኔ በእንዲህ ዓይነት ቡድን ውስጥ ነው ያደግኩት። ሰዓት የሚቆጠር ከሆነ ይህ ይቆጠር።

ጀማሪዋ፦
ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት ቡድን ባገኝ ነገ እገባለሁ። ሁለት ዓመቴ ነው፤ ብቻዬን ነው የምሠራው፤ «ዛሬ ምን አጋጠመሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ባለሙያ እስከ ዛሬ የለም። ግን በቡድኑ ውስጥ የማወራው የማስታውሰውን ነው። ያልሰማሁትን ዝምታ ለቡድኑ አልነግረውም፤ አልሰማሁትማ።

የምፈራው ሌላ ነው። ቅጂዬን የሚሰማው ማን ነው? የእኔ ሱፐርቫይዘር ውሌን የሚያድሰው ሰው ነው። ለእሱ የምሰጠው የሳምንቱን ምርጥ ቅጂ ነው፤ ማንም እንደዚያ ያደርጋል። ያለቀሱብኝን፣ ተነሥተው የሄዱብኝን፣ እውነት እርዳታ የሚያስፈልገኝን እደብቀዋለሁ። ያን ጊዜ ቅጂው ሌላ የምስክር ወረቀት ይሆናል፣ ድምፅ ያለው።

ከወንበሩ ማዶ፦
እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ለረጅም ጊዜ ተገልጋይ ነበርኩ፣ አወያዩ ፈቅዶልኝ ነው። ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ስለ ራሳችሁ ፈቃድ ነው የምትከራከሩት፤ ስለ እኔ ፈቃድስ?

ተቀድቼ አውቃለሁ። መቅጃው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ቀዩ መብራት በርቷል፣ ከዚያ «ይፈቅዳሉ?» ተባልኩ። የምፈልገውን እርዳታ በእጁ የያዘ ሰው ሲጠይቀኝ እንዴት እምቢ ልበል? ፈቀድኩ። የዚያን ቀን ልናገር የመጣሁትንም ሳልናገር ተመለስኩ።

ግን ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ይህንንም ልጨምር፦ ከዚያ በፊት ዓመት ሙሉ የተመላለስኩበት ባለሙያ በስሜ ፈንታ የሌላ ሰው ስም ሁለት ጊዜ ጠርቶኛል። በሩ ተዘግቶ ስለነበር የሰማ የለም።

አሮጌ ወንበር፦
ይህን ያነበብኩት ሁለት ጊዜ ነው።

ጆሮ ያለው፦
የመቅጃው ነገር አዲስ ጭንቀት አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ በ1940ዎቹ መጀመሪያ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የምክር ውይይቶችን በሸክላ ማስቀዳት ሲጀምር ያን ያህል ሰው በዚህ መንገድ አልሄደም ነበር። ግን እህታችን ከወንበሩ ማዶ የተናገሩት ሸክላ ወይም ስልክ የሚፈታው አይደለም፤ የጠየቃቸው ሰው ማንነት ነው። ማከም የያዘው ሰው ፈቃድ መጠየቅ የለበትም። ሌላ ሰው፣ ሌላ ቀን፣ እምቢታው እንደማይጎዳቸው ነግሮ ይጠይቅ።

ጀማሪዋ፦
ተገልጋይ ሳይነካም ሥራ የሚታይበት መንገድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 ይፋ ያደረጉት ኢክዊፕ የተባለ መድረክ አለ። አንድ ሰው የተገልጋይን ሚና ይጫወታል፣ ባለሙያው ያነጋግረዋል፣ የሚመለከተው ደግሞ ሰላምታውን፣ አሰማሙን፣ ስለ ራስን ማጥፋት ሐሳብ መጠየቁን፣ የሚጎዳ ነገር መናገር አለመናገሩን በዝርዝር ይመዘግባል። ማስመሰል ነው፣ አውቃለሁ። ግን በማስመሰሉም ሰው ከልማዱ አያመልጥም፤ እኔ የሞከርኩት ጊዜ ሰላምታ ሳልሰጥ ፎርም ማንሣቴን ነው የነገሩኝ።

የዚምባብዌውን የወዳጅነት አግዳሚ ወንበርም አስቡት። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 ሐራሬ ውስጥ ሲጀምሩት፣ የተጨነቀ ሰው ለማማከር አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አያቶች ናቸው፣ ዲግሪ የላቸውም። በ2016 የታተመው ሙከራ 573 ሰዎችን አካትቶ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ በአያቶቹ የተረዱት የጭንቀትና የድባቴ ምልክታቸው ከሌሎቹ በግልጽ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሥልጠናቸው የቀናት ነው። ክትትሉ ግን አልተቋረጠባቸውም።

አሮጌ ወንበር፦
ልጄ፣ አያቶቹን እኔ ላይ ማምጣትሽ ገብቶኛል።

አወያይ፦
ከተባለው ተነሥቼ ሐሳቡን አሻሽዬ ጽፌዋለሁ። በታየ ሥራ የሚተካው የሥልጠና ሰዓት ከግማሽ ወደ ሩብ ይውረድ። ቅጂ፣ የማስመሰል ልምምድ ወይም የቡድን ውይይት፣ ምርጫው የባለሙያው ይሁን፤ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ግን ከቡድን ውይይቱ ውጭ ካሉት ከሁለቱ አንዱ ይካተት። የሚያየው ሰው የሚቀጥር፣ የሚያሰናብት ወይም ውል የሚያድስ አይሁን። መዝገብ ላይ የሚገባው መከናወኑ ብቻ ነው፣ የተባለው ነገር አይገባም። የተገልጋይን ፈቃድ የሚጠይቀው ሌላ ሰው ነው፣ ቅጂውም አስተያየት እንደተሰጠበት ይጥፋ። የድጋፍና የተቃውሞ ድምፅ እሰበስባለሁ።

መዝገብ ያዥ፦
ድጋፍ። ያንን የእርካታ መጠይቅም አንሡልኝ።

ጀማሪዋ፦
ድጋፍ።

ከወንበሩ ማዶ፦
ድምፅ እንደሌለኝ አውቃለሁ። «ይጥፋ» ያላችሁትን ማን እንደሚያረጋግጥ ጻፉ።

አሮጌ ወንበር፦
ድምፀ ተአቅቦ። ግን በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ይፈቅድልኝ እንደሆነ በሌላ ሰው አስጠይቃለሁ። ውጤቱን ለማንም አልነግርም፤ ሙያ በልብ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦
የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 የአእምሮ ጤና አትላስ እንደሚለው በዓለም ላይ ለ100,000 ሰው ያለው የአእምሮ ጤና ሠራተኛ መካከለኛ ቁጥሩ 13 ነው፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ሁለት አይሞላም። ከነዚህ ውስጥ አንዱ የሌላውን ቅጂ ሲሰማ የሁለቱም ተገልጋይ ደጅ ላይ ይቆያል። አወያይ፣ ጽሑፍህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ማን እንደሚሰማ፣ ማን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደሚጠፋ አለው። እኔ ለዚያ አንድ ሰዓት ከክፍሉ ስወጣ ማን እንደሚተካኝ የሚል መስመር የለውም። ያ መስመር እስኪገባ ድምፄን ተቃውሞ ብለህ መዝግበው።

አወያይ፦
ተመዝግቧል። መስመሩን አንቺው ጻፊው፣ ነገ ከሌሎቹ መስመሮች ጋር አቀርበዋለሁ።

የሌሊት ተረኛ፦
ነገ ተረኛ ነኝ። ከነገ ወዲያ።