«እግዜር ይስጥልኝ» ሲባል «ልኝ» የማን ነው?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ ደግነት ያደረገልንን ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» ስንለው ስጦታው እንዲደርስ የምንመኘው ለእርሱ ነው። ታዲያ «ልኝ» ወደ ተናጋሪው የሚመለሰው ለምንድን ነው? «እግዜር ይስጥህ» ማለት አይቀናም ነበርን?

መልስ፣ ከጅማ፦
«ልኝ» በአማርኛ ቢያንስ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ጥቅምን ማሳየት ነው፤ «ዘነበልኝ» የሚል ገበሬ ዝናቡ ጠቅሞታል፣ «ዘነበብኝ» የሚለው ግን ቡናውን አስጥቶ ሳለ የደረሰበት ነው። ሁለተኛው ውክልና ነው፤ «ሒሳቡን ክፈልልኝ» ስል ዕዳው የእኔ ሆኖ ከፋዩ ሌላ ሰው ይሆናል። በ«እግዜር ይስጥልኝ» ውስጥ ያለው ይህ ሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ። የአማርኛ ግስ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው አንድ የተሳቢ ምዕላድ (ድርጊቱ የሚመለከተውን ሰው የሚያሳይ ቅጥያ) ብቻ ስለሆነ «ህ» እና «ልኝ» በአንድነት ሊገቡበት አይችሉም፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ መመረጥ ነበረበት፣ የተመረጠውም የተናጋሪውን ዕዳ የሚናገረው ነው።

ይህን በሰዋስው ባውቀውም በልቤ የተረዳሁት ግን በቤቴ በር ላይ ነው። ባለፈው ሰኔ ዝናቡ አላቋርጥ ባለበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሙስሊም የሆኑት አረጋዊት ጎረቤታችን የሰባት ዓመት ልጃችንን ከትምህርት ቤት በጃንጥላቸው አድርሰውልን፣ የእርሳቸው ነጠላ ግን እስከ ትከሻቸው ርሶ ነበር። ባለቤቴ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አለቻቸው፤ እርሳቸውም «አብሮ ይስጠን» ብለው ሄዱ። ልጃችን በሩ እንደተዘጋ «ያመጡኝ እኮ እኔን ነው፤ እግዜር ለምን ይከፍላል?» ብላ ጠየቀች። እናትየው ነጠላዋን እያራገፈች «አንቺ ለእማማ ምን ልትከፍያቸው ትችያለሽ?» አለቻት። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና «ምንም» ስትል፣ «እንግዲያው ያለው ይክፈልልሽ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እኔ በዚያች አጭር መልስ ውስጥ ብዙ ጊዜ በስብከት የሰማሁትን የጸጋ ትምህርት አገኘሁ። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 19 ቁጥር 17 ለድኻ የሚራራ ሰው ለእግዚአብሔር እንደሚያበድር ተጽፏል፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ደግሞ ጌታችን ብድራት መመለስ የማይችሉትን እንድንጋብዝ ያዝዛል። ሁለቱም ቦታዎች የሚናገሩት ከሰጪው ወገን ሆነው ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ግን ያንኑ ነገር ከተቀባዩ አፍ ያናግረዋል፦ እኔ መመለስ አልችልም፣ ዕዳዬን የሚችለው ይቀበልልኝ። ምስጋና ብቻ ብዬ የማልፈው የነበረ ቃል ኑዛዜም እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

በከተማችን የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ለተመሳሳይ ነገር «ረቢ ሲፍ ሃ ኬኑ» ይላሉ፤ «ሲፍ» «ለአንተ» ወይም «ለአንቺ» ማለት ነው። ጠያቂው «ይቀናል» ያሉት አገላለጽ በጎረቤት ቋንቋ በሙሉ ክብሩ አለ ማለት ነው፤ አንዱ ቋንቋ የተቀባዩን ዕዳ ሲያሳይ ሌላው የሰጪውን በረከት ያሳያል።

ሌላ አባል፦
ትንታኔው ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ቃሉ ማምለጫ የሚሆንበት ጊዜ የለምን? ለለማኝ ሳንቲም የነፈገ ሰውም እኮ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ያልፋል።

መልስ፣ ከጅማ፦
እውነት ነው፤ የያዕቆብ መልእክትም በምዕራፍ 2 የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ «በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ፣ ጥገቡም» ማለትን ይነቅፋል። ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ግን በዚያ ስንብት ውስጥ «ልኝ» እንደሌለ ነው። «ይስጥህ» የሚለው ምንም ያልተቀበለ ሰው ስለሆነ በስሙ የሚከፈልለት ዕዳ የለውም።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የመልሱ መጥፋት ነው። በሰፈራችን ወጣቶች ዘንድ «አብሮ ይስጠን» በ«ምንም አይደል» እየተተካ ነው። «ምንም አይደል» በትሕትና ቢባልም በዝናብ የራሰውን ነጠላ እንዳልነበረ ያደርገዋል፤ በ«ይስጠን» ውስጥ ያለው «ን» ግን ባለዕዳውንም ባለውለታውንም በአንድ እጅ ፊት ተቀባይ አድርጎ ያቆማቸዋል። እናንተ ባላችሁበት አካባቢ ለ«እግዜር ይስጥልኝ» የሚሰጥ ሌላ መልስ ካለ ብትጽፉልኝ በጣም ደስ ይለኛል።