እናቴ ከበርጩማ የምትነሳው ተደግፋ ነው፤ ጉልበቷን ለማጠንከር ከየት እንጀምር?

የ4ኛ ፎቅ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ እናቴ ልጠይቃችሁ። 64 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ሁለቱም ጉልበቷ ያማታል፣ የቀኙ ይብሳል። ጠዋት ስትነሳ ግትር ይልባታል፣ ትንሽ ስትንቀሳቀስ ይላቀቃል። ደረጃ ከመውጣት ይልቅ መውረድ ይከብዳታል። ቡና አፍልታ ከበርጩማ የምትነሳው እጄን ይዛ ወይም ግድግዳ ተደግፋ ነው። ዘንድሮ በሁዳዴ መስገድ አቃታት። ከሁሉም በላይ ያስለቀሳት እሱ ነው።

ኤክስሬይ ተነስታለች። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ መበላት ነው ብሎ ማስታገሻ አዘዘላት፤ "እንቅስቃሴ ያድርጉ" አላት። ምን ዓይነት፣ ስንት ጊዜ፣ አልነገራትም። እኔ ኢንተርኔት ላይ አይቼ ቁጭ ብድግ አስጀመርኳት። በመጀመሪያው ቀን 30 ጊዜ ሠርታ ሦስት ቀን ተኛች። አሁን እንቅስቃሴ የሚባለውን ፈርታዋለች። ጎረቤቶች ደግሞ ወጌሻ ይያት ይላሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ፊዚዮቴራፒስት

እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ቁጭ ብድጉ ስህተት አልነበረም። መጠኑ ነው ያልሆነላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደረጃ ስንወርድ ሰውነታችንን ቀስ አድርጎ የሚያወርደው የፊተኛው የጭን ጡንቻ ነው። እሱ ሲደክም ጫናው መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል። ሲያማቸው ይቀመጣሉ፣ ሲቀመጡ ጡንቻው ይበልጥ ይደክማል። የተበላውን መመለስ ባንችልም ጡንቻውን ግን መመለስ እንችላለን፤ በ64 ዓመትም ጭምር።

መጀመሪያ ለኪያቸው። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስጠጊ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው 5 ጊዜ ቁጭ ብድግ ይበሉ፤ አንቺ በስልክሽ ሰዓት ያዢ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ እግራቸው ደክሟል ማለት ነው። ያለ እጅ መነሳት ካቃታቸው ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ አጥፈሽ ከፍ አድርጊው። እጃቸውን ሳይጠቀሙ የሚነሱበት ከፍታ መነሻቸው ነው። የእኔ እናት መነሻ ሌላ ነው፣ የጎረቤታችሁም ሌላ ነው።

ከዚያ ከፍታ 8 ጊዜ፣ 2 ዙር፣ በሳምንት 3 ቀን፤ በመካከሉ አንድ ቀን እረፍት። ሲቀመጡ ዘፍ አይበሉ፤ እስከ 3 እየቆጠሩ ይውረዱ። 12 ጊዜ ሲቀላቸው አንዱን እጥፋት አንሺው።

ሕመሙን ከ0 እስከ 10 እንዲነግሩሽ አድርጊ። ሲሠሩ እስከ 5 ቢደርስ አያስፈራም፤ በማግስቱ ግን ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ቀንሺ እንጂ አታቁሚ።

ጉልበቱ ካበጠና ከጋለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ወይም የአንድ እግር ባት ብቻ ካበጠ ግን ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ። ወጌሻ የተበላ ጉልበት ቢስበውና ቢያሸው አይጠቅማቸውም፤ ይባስ ሊያስቆጣው ይችላል።

ሌላ በሽታ አለባቸው? ማስታገሻውስ ምንድን ነው?

የጠና ሰፈር እናት

ልጄ፣ እኔም እንደ እናትሽ ነበርኩ፤ 59 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ለመጣው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ወረቀት ይሰጡ ነበር። ሙቀት ያደርጉልኛል፣ ወረቀቱን ይዤ እመለሳለሁ። ሁለት ወር ምንም ለውጥ የለም።

በኋላ ሌላ ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ጉልበቴን ከመንካቷ በፊት አስሄደችኝ፣ በአንድ እግር አስቆመችኝ። ዳሌዬ ወደ ጎን ይወድቅ ነበር። የደከመው የዳሌ ጡንቻዬ ኖሯል። በጎኔ ተኝቼ እግር ማንሳት፣ ላስቲክ ጭኔ ላይ አስሬ ወደ ጎን መራመድ ሰጠችኝ። በሦስተኛው ወር ገበያ ደርሼ ዘንቢሌን ይዤ መመለስ ጀመርኩ። ስለዚህ የምትችሉ ከሆነ አንድ ቀን እንኳ የሚያይ ሰው ይያት። አረማመዷን ያላየ ሰው ምን ብሎ ያዝላታል?

ለደረጃው አንድ ነገር ልንገርሽ። ስትወጣ ደህነኛው እግር ይቅደም። ስትወርድ የታመመው ይቅደም። እጇ ከመደገፊያው አይለይ።

የ4ኛ ፎቅ ልጅ

በጣም አመሰግናለሁ! ግፊት አለባት፣ መድኃኒት ትወስዳለች። ማስታገሻው ዲክሎፌናክ ነው፤ ሲያማት ከፋርማሲ እየገዛች ትደግመዋለች። ለክተናታል። ያለ እጅ መነሳት አቃታት። ሁለት ብርድ ልብስ ስናነጥፍ 5ቱን በ19 ሰከንድ ጨረሰች።

ፊዚዮቴራፒስት

ጎሽ። መነሻችሁ ሁለት ብርድ ልብስ ነው።

ዲክሎፌናኩን ግን በአስቸኳይ ለሐኪማቸው ንገሩ። ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ሲደጋገም ኩላሊትና ጨጓራ ይጎዳል። ከግፊት መድኃኒት ጋር በራስ ፈቃድ የሚደጋገም ነገር አይደለም። በቅባት መልክ የሚቀባው አለ፤ ይሆናቸው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። እንቅስቃሴው ግፊታቸው በመድኃኒት የተስተካከለ ከሆነ አይከለከልም። ትንፋሻቸውን እንዳያምቁ ብቻ ድምፅ አውጥተው ይቁጠሩ። የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን አያምቅም። ደረታቸውን ከወጋቸው ወይም ካዞራቸው ወዲያው ያቁሙ።

የጂም አሰልጣኝ

በተባለው እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው አዛውንት እንዳይጎዱ ብሎ ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ቀላል ነገር ያሠራቸዋል። ጡንቻ ካልከበደው አይጠነክርም። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆኑ 10 ሰዎችን ለ8 ሳምንት ክብደት አሠሯቸው። እስከ መጨረሻው የዘለቁት የ9ኙ የእግር ጥንካሬ በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። ከእናትሽ በ26 ዓመት የሚበልጡ ሰዎች ናቸው!

ስለዚህ ብርድ ልብሱ አልቆ ወንበሩ ሲቀላት ባለ 2 ሊትር ውኃ ደረቷ ላይ ትቀፍ፤ 2 ኪሎ ነው። የመጨረሻዋ ሁለት ቁጭ ብድግ ከበድ ማለት አለባት። እንደዛ ካልሆነ ጨምሪ።

ጾመኛ ስለሆነች ምግቧንም እዩ። ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ከማዕዷ አይጥፋ። ጡንቻ የሚሠራው ከዚያ ነው።

የ4ኛ ፎቅ ልጅ

ስግደቱስ? "ወደ ስግደት መቼ እመለሳለሁ? ጠይቂልኝ" አለች።

ፊዚዮቴራፒስት

ቀን ቆርጬ አልነግራቸውም፤ መንገዱን ግን ልንገራቸው። መጀመሪያ ከወንበር ያለ ብርድ ልብስ። ቀጥሎ ከዝቅተኛ አልጋ ጫፍ። ከዚያ አንድ ደረጃ ላይ እየወጡ መውረድ፣ በእያንዳንዱ እግር 8 ጊዜ። እነዚህ ሲሆኑላቸው አጠገባቸው ወንበር አስቀምጠሽ፣ ፍራሽ አንጥፈሽ፣ በአንድ ጉልበት ተንበርክከው መነሳት ይለማመዱ። በበርጩማ ተደግፎ መነሳትም የዚሁ አካል ነው። እስከዚያ የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ ቆመውም ሆነ ተቀምጠው እንዲጸልዩ ይነግሯቸዋል።

የ4ኛ ፎቅ ልጅ

ዛሬ 8 ጊዜ፣ 2 ዙር ሠራች። ጮክ ብላ እየቆጠረች። ማታ ሕመሙን "4 ነው" አለችኝ፤ ጠዋት ወደ 2 ወርዷል። ሐሙስ እንደግማለን።