ለወረዳው የምናቀርበው የጋራ ሰነድ፦ የወጣት ማዕከል ወይስ የአረጋውያን ቤት?

ጸሐፊ፦ እንደምን አመሻችሁ። የሦስቱ እድሮች ሰነድ ተጀምሯል። መግቢያው ላይ «ኢትዮጵያ የወጣቶች አገር ናት» ብዬ የ1999ኙን ቆጠራ ጠቅሻለሁ። ያኔ ከሕዝቡ 45 በመቶ ገደማው ከ15 ዓመት በታች ነበር፤ ከ65 በላይ ያለው 3 በመቶ ግድም። እንግዲህ ከወረዳው የምንጠይቀውን ቦታ ለወጣት ማዕከል እንበል?

ገንዘብ ያዥ፦ ቁጥሩ የአገር ነው፤ እኛ ያለነው አዲስ አበባ ነው። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በአገር ደረጃ በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልዳለች። አዲስ አበባ ላይ 1.8 ነው። በ1992ም 1.9 ነበር። ወላጆችን ለመተካት ብቻ 2.1 ግድም ያስፈልጋል። ከተማው በወሊድ ራሱን መተካት ካቆመ ቆየ። የሚሞላው ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ወጣት ነው።

ጡረተኛ መምህር፦ በ1985 የሕዝብ ፖሊሲው ሲወጣ የአገሪቱ አማካይ 7.7 ተብሎ ነበር። በ2007 ወደ 4 ይወርዳል ተባለ፤ አልደረሰም፣ ግን ወርዷል። ወሊድ ሲቀንስ ሽማግሌ ወዲያው አይበዛም። መጀመሪያ የሕፃናት ድርሻ ያንሳል፣ ሠርቶ የሚበላው ይበዛል። ያ ሠራተኛ ተራ በተራ ሲያረጅ ነው ነገር የሚመጣው። የሚቆጠበው አሁን ነው።

የሴቶች ተወካይ፦ ጋሼ፣ እኛ ሰፈር እኮ መጥቷል! ልጆቹ ዱባይና አሜሪካ፣ እናት ብቻዋን። ገንዘብ ይላካል፤ ሐኪም ቤት የሚወስዳት ግን የለም። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ የተጀመረው ገና በ2003 ነው። እንጀራ ሸጣ ያሳደገችማ ምን ጡረታ አላት? እድሩ ድንኳን የሚተክልላት ስትሞት ነው። በሕይወት እያለች ብንደርስላት ምን አለበት?

ወጣት አባል፦ እትዬ፣ እስማማለሁ። ግን አንድ ነገር ልበል። ወጣቱ ከተማው ውስጥ አለ፤ እድራችን ውስጥ ግን የለም። እኔ የገባሁት በአባቴ ቦታ ነው። ጓደኞቼ ተከራይ ናቸው፣ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ሰፈር ይቀይራሉ። የመግቢያ ክፍያውን ከፍሎ በዓመቱ የሚለቅ ሰው ለምን ይገባል? አዲስ መዋጮ የሚከፍል ካልመጣ ለአረጋውያኑ የሚሆነው ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ነው ዋናው። በእኔ መዝገብ ብዙው አባል ሽበታም ነው፤ የአገሩንም የከተማውንም አይመስልም። ሰነዱ በራሳችን መዝገብ ይጀምር።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ የሰነዱን መግቢያ እሰርዛለሁ። አዲሱ እንዲህ ይሁን፦ ሦስቱ እድሮች አባላቸውን በዕድሜ ይቁጠሩ። ከወረዳው የምንጠይቀው አረጋውያን ቀን የሚውሉበት አንድ ክፍልና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጉብኝት ነው። ተከራይ በግማሽ የመግቢያ ክፍያ ይግባ፤ ሰፈር ቢቀይር ከሦስቱ ወደ አንዱ ይዛወር።

ሰብሳቢ፦ በቁጠራው ተስማምቻለሁ። ግማሽ የመግቢያ ክፍያው ግን በጠቅላላ ጉባኤ ካልጸደቀ አይገባም፤ ሙሉ የከፈሉት ያኮርፋሉ።

ወጣት አባል፦ ግማሽ ከፋይ ለመጀመሪያው ዓመት እድሩ ከሚሰጠው ግማሹን ያግኝ። ማን ያኮርፋል?

ሰብሳቢ፦ እሱን ጻፈውና ቅዳሜ ይዘህ ና። ገንዘብ ያዥ የዕድሜውን ዝርዝር ያምጣ፣ ስም ሳይጨምር።